«እንዳትሰኪው!» ያሉኝ ጠጋኝ

ዋጋውን አስቀድሜ ልናገርና እንገላገል፦ 4,600 ብር፣ አምስት ሳምንት፣ ሰባት ምልልስ። የተጠገነልኝ ማቀዝቀዣ ወይም ቴሌቪዥን ቢሆን ኖሮ ጎረቤቶቼም አይስቁብኝም ነበር። የተጠገነልኝ ግን ኮሞዶር 1541 የሚባል የፍሎፒ ዲስክ ድራይቭ፣ ማለትም የኮምፒውተር ፕሮግራምና ጽሑፍ በስስ ዲስክ ላይ የሚጽፍና የሚያነብ መሣሪያ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ለኮሞዶር 64 ኮምፒውተር ተብሎ ለገበያ የቀረበ፣ መጠኑ የጫማ ካርቶን የሚያህል፣ ሲያነሱት ግን «ውስጡ ምን አስቀምጠውበት ነው?» የሚያሰኝ ከባድ ዕቃ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር ሳይስቅ የሚቀበል ጠጋኝ አለ ብዬ አላሰብኩም ነበር። አለ። ይህን የምጽፈውም በየቤቱ አልጋ ስር ተመሳሳይ ዕቃ ያስቀመጠ ሰው እንደሚኖር ስለምጠረጥር ነው።

ዕቃውን በ1979 ዓ.ም. ከምዕራብ ጀርመን የላከልን ታላቅ ወንድሜ ነው። በጅቡቲ በኩል በባቡር መጣ፤ አባቴም ጣቢያው ድረስ ሄዶ ፈርሞ ተረከበ። የመመሪያው መጽሐፍ በጀርመንኛ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከጀርመንኛ የማውቀው የወንድሜን የፖስታ አድራሻ ብቻ ነበር። ቢሆንም በመጽሐፉ ውስጥ የታተሙትን ምሳሌዎች አንድ በአንድ እየገለበጥኩ ቤዚክ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ለመድኩ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አባቴ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ነበርና የአባላቱን መዋጮ የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፍኩለት። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑን በአክብሮት ተመለከተ፣ «ጎበዝ» አለኝ፣ ከዚያም ወደ ደብተሩ ተመለሰ። ያኔ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

ዛሬ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ የእኔ ዘመን ዲስክ የሚይዘው 170 ኪሎባይት ነበር ብዬ ብናገር ተማሪዎቼ በሳቅ ፈረሱ። በስልካቸው የሚያነሱት አንድ ፎቶግራፍ እንኳን አይገባበትም። እልህ ያዘኝ። ማታ አልጋ ስር ገብቼ ካርቶኑን ጎተትኩት።

መጀመሪያ የወሰድኩት ለቤቴ ወደሚቀርብ፣ ስሙን ወደማልጠራው አንድ የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ነበር። ወጣቱ ሳይከፍተው፣ ሳያየው፣ ሶኬት ላይ ሰካው። ጧ አለ። ፊውዙ ተቃጠለ። ሌላ ፊውዝ አጣሁ ብሎ በተቃጠለው ላይ የመዳብ ክር ጠመጠመበትና እንደገና ሰካው። የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚመስል ሽታ ቤቱን ሞላው፤ «ይሄ ዕቃ አርጅቷል» የሚል ፍርድም ተሰጠኝ። ለምርመራ 300 ብር ከፈልኩ። ምርመራ!

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከከዚራ ተነስታችሁ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ ወደ ቀፊራ ገበያ ስትሄዱ፣ በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ቀለሙ የለቀቀ «ራዲዮ፣ ቴፕ፣ ማጫወቻ ይጠገናል» የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ በር አለ። ሌላ ምልክት የለውም። ባጃጅ ነጂዎች «የጋሼ ቴፕ ቤት» ስትሏቸው ያውቁታል። ውስጡ እስከ ጣሪያ ድረስ በቴፕ፣ በራዲዮ፣ በሸክላ ማጫወቻ የተሞላ ነው፤ የታችኛው መደርደሪያ ብቻ ባዶውን ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር። በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ የታችኛው መደርደሪያ ላይ የነበረው የዲያግራም ክምር በሙሉ ጭቃ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከጉልበታቸው በታች ምንም አያስቀምጡም።

ጋሼ ወደ ሰባዎቹ የተጠጉ ሰው ናቸው። ካርቶኑን ገና ከፈት ሳደርገው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል «ሰክተሽዋል እንዴ?» የሚል ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው። አይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «ሁለተኛ እንዳትሰኪው! ሠላሳ ዓመት የተኛ ዕቃ እንደ ሰው ነው፤ በጥፊ አይቀሰቀስም።» እኔ ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ጋሼ ግን «ልጄ» ነው የሚሉኝ። አልከፋኝም።

አሠራራቸውን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ከሌላው ጠጋኝ የሚለያቸው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ የድሮ ባለ 100 ዋት አምፖል ተሰቅሏል። ማንኛውም አሮጌ ዕቃ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዚያ አምፖል ውስጥ አልፎ ነው። ዕቃው ውስጡ ተገናኝቶ ሾርት ከሆነ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ኃይሉንም ራሱ ላይ ያስቀረዋል፤ የሚቃጠል ነገር አይኖርም። ዕቃው ደህና ከሆነ ደግሞ ለአፍታ ብልጭ ይልና ይደበዝዛል። የእኔው ቦግ አለ፣ ቦግ እንዳለም ቀረ። ጋሼ የመዳቡን ክር በፒንሳ ይዘው ለረዳታቸው ለልጁ አሳዩት፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚቀይረው ሬክቲፋየር ተቃጥሎ ኖሯል።

ይህን መቀየር ቀላል ነበር። እሳቸው ግን ቴስተራቸውን ሶኬቱ ላይ አድርገው አሳዩኝ፤ ማታ ሰዉ ሁሉ መብራትና ምድጃ ሲያበራ በዚያ ሰፈር 220 መሆን የሚገባው ቮልት 178 ድረስ ይወርዳል። 1541 በውስጡ ትልቅ ትራንስፎርመር አለው፤ ከእሱ የሚወጣውን ኃይል ሁለት ሬጉሌተሮች ተቀብለው አንዱ 5 ቮልት ለኤሌክትሮኒክሱ፣ ሌላው 12 ቮልት ለሞተሩ ያደርጉታል። ባለ 12ቱ በትክክል እንዲሠራ ከ14 ቮልት ያላነሰ መግቢያ ይፈልጋል። የከተማው ኃይል ሲወርድ መግቢያውም ይወርዳል፤ ሬጉሌተሩ መያዝ ያቅተዋል፣ ንባቡ ይበላሻል፣ ባለቤቱም ዲስኩን ይራገማል። ኃይሉ ሲበዛ ደግሞ ትርፉ በሙሉ ሙቀት ይሆናል። ለተማሪዎቼ ሳስረዳ እንዲህ አልኳቸው፦ 10 ቮልት ተቀብሎ 5 የሚሰጥ እንዲህ ያለ ሬጉሌተር፣ ከጅቡቲ ሲነሳ ሙሉ የነበረውን ነዳጅ ግማሹን መንገድ ላይ እያፈሰሰ ድሬዳዋ የሚገባ ቦቴ ነው። ይህ ድራይቭ ሲሠራ በመጋሉ በሰሜን አውሮፓ ሳይቀር የታወቀ ነው። በድሬዳዋ ግንቦት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ስለዚህ ጋሼ ትራንስፎርመሩን ጨርሶ ከሥራ ለማስወጣት ሐሳብ አቀረቡ። እኔ መጀመሪያ አልወደድኩትም፤ ወንድሜ እንደላከው እንዲቆይ ነበር ፍላጎቴ። «ሬሳውን ነው ወይስ ሰውየውን የምትፈልጊው?» አሉኝ። ታይዋን ወደሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ላኩኝና የድሮ የውጭ ሃርድ ዲስክ ኃይል ማቅረቢያ ፈልጌ አመጣሁ፤ 12 ቮልት በ2 አምፔር፣ 5 ቮልት በ2 አምፔር የሚል የተጻፈበት። ሻጩ 1,000 ብር ጠራ፣ በ650 ተስማማን። ይህ ዓይነቱ ዕቃ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ስለሚቀበል የማታው መውረድ አያሳስበውም፤ ሙቀቱም ከድራይቩ ውጭ ይቀራል። ጋሼ ግን አዲስ የመጣን ዕቃም አያምኑም፤ የመኪና መብራት አምፖል አሸክመው ለግማሽ ሰዓት ለኩት። ጭነት ሳይኖርበት የተለካ ቮልት ለእሳቸው ያልተቀመሰ ወጥ ነው።

የኮምፒውተሩን የራሱን ኃይል ማቅረቢያም ሳልጠይቃቸው ለኩት፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። የኮሞዶር 64 ጥቁር ሳጥን ሙጫ በመሰለ ነገር የተሞላ ስለሆነ አይከፈትም፤ ሲያረጅ ደግሞ ዝም ብሎ አይሞትም፣ ከ5 ቮልት አልፎ እየሰጠ የኮምፒውተሩን የማስታወሻ ቺፖች ይዞ ነው የሚሞተው። የእኔው 5.8 አሳየ። ጋሼ ገመዱን በካቻቢቴያቸው ጫፍ ገፋ አድርገው «ይሄ ነፍሰ ገዳይ ነው» አሉና ጠረጴዛ ስር ወረወሩት። በምትኩ 5 ቮልት ቀጥተኛና 9 ቮልት ተለዋዋጭ የሚሰጥ ሌላ ሠሩልኝ። ከሂሳቡ ውስጥ ትልቁ እሱ ነው፤ 1,800 ብር። የብየዳው ስታኞ የሚያብረቀርቅ፣ ንጹሕ ሥራ ነው።

ከኃይሉ በኋላ የቀረው ለቴፕ ጠጋኝ የዕለት እንጀራ ነው። ሞተሩን ከመሽከርከሪያው ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቺንጋ ላልቶ ነበር፤ ከካሴት ማጫወቻ ቺንጋዎች ሳጥናቸው ውስጥ የሚመጥን ጠፍጣፋ አገኙ። ዲስኩን የሚያነበውን ክፍል፣ «ሄድ» የሚባለውን፣ በንጹሕ አልኮልና በጥጥ ጠረጉት። ይህ ድራይቭ የዲስኩን አንድ ገጽ ብቻ ስለሚያነብ ከላይ ዲስኩን የሚጫነው ሌላ ሄድ ሳይሆን ትንሽ የጨርቅ ንጣፍ ናት፤ የእኔዋ በአቧራ ጠንክራ ስለነበር እሷንም ለወጧት። ሄዱ የሚንሸራተትባቸውን ዘንጎች የቀቡት በልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነው። ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ካለ አንድ ወዳጃቸው እንደሚያስመጡትና ሌላ ዘይት እንደማያምኑ ነገሩኝ።

አሁን ወደ ወደድኩት ክፍል ደረስን። ዲስኩ በደቂቃ 300 ጊዜ መዞር አለበት። ይህን ለመለካት የድራይቩ ፋብሪካ ርካሽና ብልህ ዘዴ አበጅቶለታል፤ ከስር ባለው መሽከርከሪያ ላይ ጥቁርና ነጭ ሰረዞች በሁለት ቀለበት ተደርድረዋል፣ አንዱ 50 ሌላው 60 የሚል አለበት። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ የድሮው ረጅም የፍሎረሰንት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዓይናችን አያየውም እንጂ። ፍጥነቱ ልክ ሲሆን በዚያ መብራት ስር ባለ 50ዎቹ ሰረዞች የቆሙ ይመስላሉ። ጋሼ ቤታቸው በሙሉ አዲሱን ቆጣቢ አምፖል ሲያስገባ አንዲት የድሮ ፍሎረሰንት ለሸክላ ማጫወቻና ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ብቻ ብለው አስቀርተዋል። ድራይቩን በጎኑ አቁመው ሞተሩ ሳይቆም እንዲሽከረከር አደረጉና ትንሿን ማስተካከያ በካቻቢቴ ነካ ነካ አደረጓት። ሰረዞቹ ሮጡ፣ ቀዘቀዙ፣ ቆሙ። ተማሪዎቼን ይዤ ባለመምጣቴ ተቆጨሁ።

ወዲያው መብራት ጠፋ። የጎረቤት ሱቅ ጀነሬተር ተነሳና መስመሩን ስለሚጋሩ የጋሼ ቤት እንደገና በራ። ሰረዞቹ አሁን ቀስ እያሉ ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። ረዳቱ ልጅ ካቻቢቴውን አንስቶ ሊያስተካክል ጎንበስ ሲል ጋሼ እጁን ያዙት። «አንተ ልጅ፣ የተሳሳተው ዲስኩ ነው ወይስ ጀነሬተሩ?» ልጁ ዝም አለ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ አፍታ ዝም አልኩ፤ የፊዚክስ መምህርት ሆኜ! ጀነሬተሩ ከ50 ትንሽ አልፎ ስለሚሮጥ መብራቱ ቸኩሎ ይበራል፤ ዲስኩ ግን ፍጥነቱን የሚጠብቅ የራሱ መቆጣጠሪያ ስላለው አልተነካም። ያን ጊዜ ካቻቢቴው ዞሮ ቢሆን ኖሮ ደህናው ይበላሽ ነበር። መብራት እስኪመለስ ሻይ ጠጣን።

ሌላ ጠጋኝ ሳይጠይቅ የሚያልፈውን ጥያቄ የጠየቁኝም በዚያ ሻይ ላይ ነው። ይህ ድራይቭ ሄዱ መነሻው ላይ መድረሱን የሚነግረው መሣሪያ የለውም፤ ስለዚህ መነሻውን ሲፈልግ ሄዱን ወደ ኋላ እየገፋ ከማቆሚያው ጋር ያላትመዋል። ያ «ቋ ቋ ቋ» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ሲደጋገም ሄዱ ከቦታው ይንሸራተታል። የእኔው ተንሸራቷል፤ ምናልባትም ያኔ ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ። «የራስሽን ዲስኮች የጻፍሽው በዚሁ በጠመመው ሄድ ከሆነ» አሉኝ፣ «ካቃናሁት በኋላ የሚያነባቸው አይኖርም። ድራይቩን ነው የምትፈልጊው ወይስ ጽሑፉን?»

ሁለቱንም አልኩ። እንግዲያውስ ጽሑፉ ይቅደም ተባለ። የጋሼን የድሮ ትንሽ ቴሌቪዥን አገናኝተን፣ ማውጫውን የሚጠራውን ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ጣቶቼ አልረሱትም። ቀይዋ መብራት በራች፣ ድራይቩ አጉረመረመ፣ ከዚያም የእድሩ ፕሮግራም ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ። ፕሮግራሙን አስጫንኩት። በሰከንድ 400 ባይት ገደማ ነው የሚያስተላልፈው፤ ቡና መቁላት ይቻላል። ከዚያ ዝርዝሩን በየገጹ እያቆምኩ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ተማሪዎቼ የሳቁበት ስልክ ማለት ነው። የአባላቱ ስም የተመዘገበበት ሁለተኛው ዲስክ ግን አልተነበበም፤ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ብላ ቀረች። ጋሼ ሦስት ጊዜ ሞከሩ፣ ሄዱን አጠቡ፣ አራተኛ ሞከሩ። «ይህን ከእኔ አትጠብቂ» አሉኝ። የማይችሉትን የሚናገር ጠጋኝ ስንት ነው?

ከዚያ በኋላ ነው ሄዱን ያቃኑት። መለኪያቸው ከዕቃው ጋር ከፋብሪካ የመጣው የማሳያ ዲስክ ነበር፤ በትክክለኛ ድራይቭ የተጻፈ በመሆኑ እሱን በደንብ ካነበበ ተቃንቷል ማለት ነው። አሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነባል። የእኔን የድሮ ዲስክ ግን፣ ጋሼ እንደተነበዩት፣ አይቀበለውም።

አሁን ደግሞ ወቀሳ። «ሦስት ቀን» ብለው አምስት ሳምንት ነው የፈጀባቸው፤ ስልክ አያነሱም። ዋጋ አስቀድመው አይነግሩም፤ «እንየው» ይላሉ፣ ሂሳቡም በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ተጽፎ ይሰጣችኋል። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም፤ ለመሥሪያ ቤት ዕቃ የምትሄዱ ከሆነ ይቸግራችኋል። ከድራይቩ ሽፋን ብሎኖች አንዱ ጠፍቶ በምትኩ የቴፕ ብሎን ገብቶበታል፤ ሳልነግራቸው የሚያውቁ አልመሰለኝም። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ይዘጋሉ። 10 ሰዓት ላይ የሚከፍቱት ደግሞ ለወዳጆቻቸው እንጂ ለሥራ አይደለም፤ ጫቱ ተዘርግቶ ወሬው ከደራ ማንም ካቻቢቴ አያነሳም። እኔ ይህን የተረዳሁት አራት ምልልስ ካቃጠልኩ በኋላ ነው። እናንተ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሂዱ፣ ዕቃውንም በካርቶን ሳይሆን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ የባጃጅ መንገጫገጭ ሄዱን ያናጋዋል። ትራንስፎርመሩን በፌስታል አድርገው መልሰውልኛል፤ ሌላ ጠጋኝ ቢሆን ለመዳቡ ይሸጠው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሩንም ድራይቩንም ይዤ ክፍል ገባሁ። ከፎቶግራፉ እያየሁ የእድሩን ፕሮግራም እንደገና ጻፍኩና በተቃናው ድራይቭ በአዲስ ዲስክ ላይ አስቀመጥኩት። ዓመታዊ ሂሳቡን አሠራሁት። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ 140ኛው መስመር ላይ ስህተት አለ» አለኝ። አየሁት። ጳጉሜን እንደ 13ኛ ወር ቆጥሬ ሁሉንም አባል ለአምስት ቀን የወር ሙሉ መዋጮ አስከፍል ነበር። አባቴ ያኔ መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑን በአክብሮት ተመልክቶ ለምን ወደ ደብተሩ እንደተመለሰ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።